«እማ፣ የራሴን አካውንት ብከፍት ይሻላል» አለኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ይነዳል። የመጀመሪያ ልጃችን 18 ዓመቱ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተቀብሎታል። በጁን መጨረሻ ይገባል።

ከአካዳሚው የመጣው ወረቀት ደመወዙ የሚገባበት የባንክ አካውንት አዘጋጅቶ እንዲመጣ ይላል። እኔም «አለህ አይደል እንዴ?» አልኩት። 15 ዓመቱ ላይ ግሮሰሪ መሥራት ሲጀምር አብረን የከፈትነው የጋራ አካውንት አለን። ያኔ ልጅ ስለነበር ያለ እኔ አይከፍቱለትም ነበር። እሱ ግን አቀርቅሮ «እማ፣ ለዚህኛው የራሴን ብከፍት ይሻላል» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

የከበደኝን ልንገርዎት። ባለፈው ዓመት እናቴ ደሴ ታማ ሆስፒታል ስትገባ፣ ከዚያ አካውንት 1,700 ዶላር አውጥቼ ላክሁ። ለልጄ አልነገርኩትም። ዕቁብ ሲደርሰኝ ሳያውቅ እመልሳለሁ ብዬ ነበር። ተራዬ ግን ኦክቶበር ላይ ነው። እሱ አካውንቱን በስልኩ ያየዋል፤ ሳያውቅ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። አንድም ቀን ግን አልጠየቀኝም።

ባለቤቴ «የልጅ ገንዘብ የቤት ገንዘብ ነው፤ ደመወዝ ሲያገኝ ቤቱንም ይደግፋል፤ ስምሽን የምታወጪበት ምክንያት የለም» ይላል። እኔ በአንድ በኩል ከፍቶኛል፣ በሌላ በኩል አፍሬያለሁ። በስሙ ብቻ ይክፈት? አንድ ነገር ቢያስፈልገው ማን ይደርስለታል? ስለ ገንዘቡስ ልንገረው ወይስ ኦክቶበር ላይ መልሼ ዝም ልበል?

እናቱ፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ከጻፍሽው ስነሣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም፤ «አንቺ» ማለቴን አትቀየሚኝ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እናትሽ ሆስፒታል ገቡ ካልሽ በኋላ ስለ እሳቸው አንድ ቃል የለም። ተሻላቸው? ቤታቸው ገቡ? ለወግ ያህል አይደለም የምጠይቅሽ። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን እንጨርስ። አዎ፣ በስሙ ብቻ ይክፈት።

ነገሩን ያከበደው ባለቤትሽ «ስምሽን የምታወጪበት» ያለው አነጋገር ይመስለኛል። ማንም የማንንም ስም እያወጣ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ባንኮች ከጋራ ሒሳብ ላይ አንዱን ሰው ነጥላችሁ አውጡ ሲባሉ «ዝጉትና አዲስ ክፈቱ» ነው የሚሉት። ልጅሽ ደግሞ ዝጊው አላለሽም። «የራሴን ልክፈት» ነው ያለሽ። የድሮው ባለበት ይቀመጣል፣ አዲሱ ይጨመራል። እስቲ ይህን ለራስሽ ደግመሽ ንገሪው። አሁንም ይከፋሻል? አሁንም ከከፋሽ የከፋሽ ስለ ስምሽ ላይሆን ይችላል።

የጋራ ሒሳብ ለ15 ዓመት ልጅ ጥሩ ነገር ነው። ለ18 ዓመት ወታደር ግን አይመችም። እዚያ ውስጥ ያለውን ገንዘብ አንዳችሁ ሌላውን ሳትጠይቁ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ማውጣት ትችላላችሁ። አንቺ ላይ ዕዳ ቢኖርና አበዳሪው ፍርድ ቤት ቢሄድ የእሱም ገንዘብ ሊነካ ይችላል። እሱ ደግሞ ነገ መኮንን ሊሆን ነው። የመኮንን የገንዘብ ታሪክ ይመረመራል። ጓዙን ለይቶ ቢጀምር ለሁላችሁም ይቀላል።

«አንድ ነገር ቢያስፈልገው ማን ይደርስለታል?» ላልሽው፣ ለመድረስ ስምሽ አካውንቱ ላይ መኖር የለበትም። በዜል፣ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ፣ ትልኪለታለሽ፤ እሱ ብቻ ያወጣል። ምግቡ፣ መኝታው፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱ እዚያው ነው። በምትኩ ሲመረቅ ቢያንስ አምስት ዓመት በሙሉ ጊዜ ያገለግላል። ስለዚህ ልጄ ተራበ ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። የድሮውን የጋራ አካውንት ደግሞ ሁለት ሦስት መቶ ዶላር ትታችሁ አቆዩት። የስልኩ ክፍያና አንዳንድ ጥቃቅን ነገር ከዚያ ይውጣ። ብቻ ወርሃዊ ክፍያ እንዳይቆረጥበት አጣሩ። አንዳንዱ አካውንት ልጁ 18 ሲሞላ ወይም ገንዘቡ ሲቀንስ ዝም ብሎ መቁረጥ ይጀምራል።

አሁን ወደ 1,700ው እንምጣ።

ንገሪው። ከመግባቱ በፊት ንገሪው። ኦክቶበርን አትጠብቂ።

አንቺ «ሳያውቅ እመልሳለሁ» ትያለሽ። እሱ ስልኩን ሲከፍት የሚያየውን አስቢ። ባለፈው ዓመት 1,700 ወጣ። ኦክቶበር ላይ 1,700 ገባ። ሁለት መስመር ነው፣ ቁጥሩም አንድ ነው። ይህንን ላለማየት ዓይንን መጨፈን ያስፈልጋል። እንዳልሽውም ሳያይ አልቀረም። ዝም ያለሽ አክብሮሽ ነው። እዚህ አገር አድጎም ይሉኝታ አልጠፋበትም። «ለዚህኛው» ያላትን ቃል ልብ ብለሻል? ስለ ድሮው አካውንት እንዳትደነግጪ ተጠንቅቆ የመረጣት ቃል ትመስላለች። እንዲህ ያለ ልጅ ነው ያሳደግሽው።

ግን ዝምታው እሱንም ሳይከብደው አይቀርም። መጀመሪያ የሚገባበት ሥልጠና «ቢስት» ይባላል፤ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። ስልኩን ይወስዱበታል። የሚፈቀድለት አጭር ጥሪ በጣት የሚቆጠር ነው። ሲጮሁበት ውሎ ማታ ሲጋደም ስለ ቤቱ ማሰቡ አይቀርም። ያን ጊዜ «እማዬ ለምን አልነገረችኝም?» የምትለው ጥያቄ አብራው ባትሄድ ደስ ይለኛል።

እንዴት ልንገረው ካልሽ፣ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አታስጨንቂው። ወንድ ልጅ ጎን ለጎን ሲሆን ነው የሚሰማው። ሥራ ስታደርሺው ወይም ከሥራ ስትመልሺው መኪናውን አቁመሽ እንዲህ በዪው፦ «ባለፈው ዓመት አያትህ ስትታመም ከአካውንትህ 1,700 ዶላር አውጥቼ ልኬያለሁ። ሳልጠይቅህ ነው ያወጣሁት። ጥፋቴ ነው። እመልሳለሁ።» ከዚያ ዝም በዪ። «ግን እኮ» የምትለዋ ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። «ለአንተ ብዬ ስንቱን ሌሊት ሠርቻለሁ» የሚለውም ይቆይ። እውነት ነው፣ ሠርተሻል። ግን ያኔ ከተናገርሽው ይቅርታው ክስ ይሆንበታል።

እንዴት እንደምትመልሺውም ቁርጥ ያለ ነገር ይዘሽ ሂጂ። የዕቁቡን ሰብሳቢ አነጋግሪ። ጁን ወይም ጁላይ ላይ የሚደርሰው ሰው ተራውን ቢለውጥሽ ነገሩ እዚያው አለቀ። በዕቁብ ይህ የተለመደ ነው፤ ልጄ ወታደር ቤት ሊገባ ነው ስትያቸው እንቢ የሚልሽ ጥቂት ነው። ካልሆነ ከጁን ጀምሮ በየወሩ 200 ዶላር አዲሱ አካውንቱ ውስጥ አስገቢለት። እስከ ኦክቶበር 1,000 ይሞላል። የቀረውን 700 ዕቁብሽ ይዘጋዋል።

ምናልባት «ተዪው እማ» ይልሽ ይሆናል። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቃሉ አልቀበለውም። መልሺለት። ከእጁ ገብቶ ቆይቶ፣ አስቦበት፣ ለአያቴ ይሁንልኝ ካለ ያን ጊዜ የእሱ ስጦታ ይሆናል። እናትሽን የጠየቅኩሽም ለዚህ ነው። እሳቸው ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ ያውቃሉ? ከመግባቱ በፊት ደውላችሁ እሱ ራሱ ያነጋግራቸው። አማርኛው ቢሰባበርም ይስሙት። ይመርቁት። ያ ልጅ ያለ አያቱ ምርቃት ወታደር ቤት መግባት የለበትም።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ያለው ነገር ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ያደግነው እንዲያ ነው። እኔም የመጀመሪያ ደመወዜን ሳልከፍት በፖስታው ለእናቴ ነው የሰጠሁት። እሷም ስማ፣ መርቃ፣ ግማሹን መለሰችልኝ። ግን እኔ ነኝ የሰጠኋት። መሳቢያዬን ከፍታ ብትወስደው ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ታሪክ ነበር። አባትየው ከልጁ የሚጠብቀው ድጋፍ ካለ አፍ አውጥቶ ራሱ ይንገረው። በአካውንት በኩል በተዘዋዋሪ አይሁን። መልእክተኛዋም አንቺ አትሁኚ።

ቁጥሩንም አሳዪው፣ ሐሳቡን ሊያስቀይረው ይችላል። የካዴት፣ ማለትም የአካዳሚው ተማሪ፣ ደመወዝ በሕግ የአንድ ጀማሪ መኮንን መነሻ ደመወዝ 35 ከመቶ ነው። አሁን ባለው ስሌት በወር በ1,300 እና በ1,500 ዶላር መካከል ማለት ነው። ለጆሮ ደህና ገንዘብ ነው። ግን ልጁ እጅ ሳይገባ የደንብ ልብሱ፣ ኮምፒውተሩ፣ መጽሐፉ፣ የልብስ አጠባው፣ የፀጉር ቆራጩ ሳይቀር ከላዩ ይነሣል። እዚያው አጠገባችሁ አናፖሊስ ያለው የባሕር ኃይል አካዳሚ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ እጅ የሚገባው በወር 100 ዶላር ያህል ብቻ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። የዌስት ፖይንቱም መጀመሪያው ዓመት ላይ ተቀንሶ ተቀንሶ ቀጭን ነው። በዚህ ገንዘብ ቤት አይደገፍም። ልጁ ካልሲና ቴምብር ከገዛበት ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ወላጆችም ይስሙ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሲደርሱ ለማገልገል ቃል ይገባሉ። ከዚያ በፊት ማቋረጥ ዕዳ የለውም፤ ከዚያ በኋላ ግን አለው። ያን ሰሞን ካዴቶችን የሚያውቁ ባንኮች በጣም ዝቅተኛ ወለድ ያለው ትልቅ ብድር ያቀርቡላቸዋል። ካዴቶቹ ራሳቸው «ካው ሎን» ይሉታል። ሠላሳ ሺህ ዶላር አካባቢ የሚደርስ ገንዘብ በ20 ዓመት ልጅ እጅ ይገባል። የእኛ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ቶሎ ይሸተዋል። «ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ትሁነን»፣ «አጎትህ ሱቅ ሊከፍት ነው» ይመጣል። ተመርቆ ከደመወዙ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ካቋረጠ ደግሞ የብድሩ ውል ይከብድበታል። ዛሬ የራሱን አካውንት መያዝ ከለመደ ያን ጊዜ «አይሆንም» ማለት አይከብደውም።

በሉ፣ ባንክ ሂዱ። አብራችሁ ሂዱ። አንቺ አትፈርሚም፣ ግን አጠገቡ ተቀመጪ። የትኛው ባንክ ብለሽ አትጨነቂ። ብዙ ካዴቶች ሠራዊቱን የሚያውቁ እንደ ዩኤስኤኤ እና ኔቪ ፌዴራል ያሉትን ይመርጣሉ። ኔቪ ፌዴራል ስሙ የባሕር ኃይል ቢሆንም የምድር ጦሩንም ያስተናግዳል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚያው ቨርጂኒያ፣ ቪየና ነው። ሰፈራችሁ ያለው ባንክም ወርሃዊ ክፍያ የሌለው ከሆነ ይሠራል። ቢያንስ ከመግቢያው ሦስት አራት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ክፈቱት። ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ጊዜ ይፈልጋል።

የእኛን ሰው ሁልጊዜ የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ ስም። ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። እኛ «ገብረ» እና «ኃይለ» ያለበትን ስም አንዱ ወረቀት ላይ ለያይተን፣ ሌላው ላይ አጣብቀን እንጽፋለን። አባት ስም አንዱ ጋ በሁለት ኤስ፣ ሌላው ጋ በአንድ ነው። ፓስፖርቱን፣ ሶሻሉንና የባንኩን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ አስተያዩ። መንጃ ፈቃዱንም ጨምሩ።

ሁለተኛው፣ አካዳሚው የሚፈልገው ዘጠኝ አሐዝ ያለውን የባንኩን ራውቲንግ ቁጥርና የአካውንት ቁጥሩን ነው። ዴቢት ካርዱ ላይ ያለው ረጅሙ ቁጥር የአካውንት ቁጥር አይደለም። ይህን ትልልቅ ሰዎችም ሲሳሳቱት አይቻለሁ። ከባንኩ የታተመ የዳይሬክት ዲፖዚት ወረቀት ውሰዱ፣ በእጅ አትገልብጡ። ከዚያ ሃያ ዶላር ላኪለትና መድረሱን ተመልከቱ። የግሮሰሪ የመጨረሻ ደመወዙም በዚያ ቢገባ ጥሩ ሙከራ ነው።

ሦስተኛው ስልኩ ነው። ባንኮች ማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ይልካሉ፤ ስልኩ ግን ስድስት ሳምንት ተቆልፎበት ይቀመጣል። በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ነገር ካለው፣ ጂምም ይሁን ጨዋታም ይሁን ፊልም፣ ከመግባቱ በፊት ያቋርጠው። ካርዱን ይዞ ይሂድ። «እኔ ጋ አስቀምጥልኝ» ቢልሽም አትቀበዪው፤ የይለፍ ቃሉንም እንዲነግርሽ አትጠይቂው። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ደግሞ ከአሁኑ ጠይቁት። የካዴት ደመወዝ ታክስ አለበት። ልጁን እንደ በፊቱ ጥገኛ ብላችሁ ማስገባት መቻላችሁንም እሱ ይንገራችሁ።

ሌላ ወረቀት ያጋጥማችሁ ይሆናል፣ እንዳትደነግጪ። የሕይወት መድን ፎርም ላይ ወራሽ እንዲጽፍ ይጠይቁታል። አፌን ቁርጥ ያድርገውና፣ የሁሉም ወታደር አሠራር ነው። እዚያ ላይ ምናልባት የአንቺን ስም ይጽፋል። አማትበሽ እለፊው።

ይህን ሁሉ ቀድማችሁ ጨርሱ የምለው የመግቢያውን ቀን ስለማውቀው ነው። ከአሌክሳንድሪያ አምስት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ሀድሰን ወንዝ ዳር ትደርሳላችሁ። አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ትቀመጣላችሁ። ከዚያ አንድ ካዴት ይነሣና ተሰናበቱ ይላችኋል። የሚሰጧችሁ አንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ አለፍ ያለች ጊዜ ናት። አቅፈሽው ሳትጠግቢ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በበሩ ይወጣል። ያቺን ደቂቃ ስለ ገንዘብ እንዳታወሪባት።

እና የፖስታ ወረቀት ግዢ። በቢስት ጊዜ ደብዳቤ ይገባል፤ በየሳምንቱ ጻፊለት። ረጅም መሆን የለበትም። ቤት ውስጥ ምን እንደተባለ፣ ሰፈር ውስጥ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደዳነ ጻፊለት። ኦገስት አጋማሽ ላይ ሥልጠናውን ጨርሶ ቤተሰብ የሚጠይቅበት ቀን አለ፤ ከአሁኑ ከሥራሽ ፈቃድ ጠይቂ። የዕቁቡ ሰብሳቢ ምን እንዳሉሽና እናትሽ እንዴት እንደሆኑ ደግሞ ጻፊልኝ።